በሐዲድ ሥራ ቁጥጥር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያገናኘው የመጀመሪያው ሐዲድ የተሠራው ከ1863 እስከ 1869 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለት ኩባንያዎች፣ ዩኒየን ፓሲፊክ ከኦማሃ (ነብራስካ) ወደ ምዕራብ፣ ሴንትራል ፓሲፊክ ከሳክራሜንቶ (ካሊፎርኒያ) ወደ ምሥራቅ እየሠሩ መጥተው ዩታ ውስጥ ተገናኙ። ሥራው ድንቅ ነው። ቁጥጥሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ተበላሽቷል። ስህተቶቹ ዛሬም ሳይት ላይ ስለማይጠፉ፣ ሥራ ለሚቆጣጠሩ መሐንዲሶች ብዬ አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ።

በማይል የሚከፈለው አካል መስመሩን እንዲወስን መተው

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። መንግሥት ለኩባንያዎቹ ብድር የሚሰጠው በማይል ነበር። ለሜዳው 16,000 ዶላር፣ በተራሮቹ መካከል ላለው ደጋ 32,000፣ ለተራራው 48,000። እንግዲህ መስመሩ ሲረዝም ገንዘቡ ይጨምራል፤ መሬቱ “ተራራ” ሲባል ደግሞ ይብሳል። ሴንትራል ፓሲፊክ የሴራ ኔቫዳ ተራራ ግርጌ ከሳክራሜንቶ 7 ማይል ያህል ወጣ ብሎ ይጀምራል ብሎ አስጸደቀ። እዚያ የሚታየው ግን ሜዳ ነው!

ዩኒየን ፓሲፊክም ገና ከኦማሃ ሲወጣ ጠማማ መንገድ ያዘ። የመጀመሪያው ዋና መሐንዲስ ፒተር ዴይ ቀጥ ያለ መስመር ቀይሶ ነበር። እሱ ተትቶ 9 ማይል የሚጨምር ዙሪያ ተመረጠ። የተሰጠው ምክንያት ዳገቱን ያቀላል የሚል ነው። ያ ዙሪያ በአቋራጭ የተተካው በ1908 ነው። ዴይ ራሱ በ1864 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። ኩባንያው በማይል 50,000 ዶላር የሚያስከፍል ውል ሲፈርም፣ ዴይ ዋጋው ሥራው ከሚጠይቀው በላይ መሆኑን ያውቅ ነበርና በስሙ እንዲያልፍ አልፈለገም። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ይህን ሰው ነው።

መስመር የሚቀየርበት ምክንያት ከመሬቱ መምጣት አለበት። የእኛው የጅቡቲ ሐዲድ ሐረር ሳይገባ የቀረው ሽቅብ መውጣቱ ስለከበደ ነው፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሰበብ ነው። እንዲህ ያለውን ምክንያት የተጠራጠረ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ይችላል። የምትፈርሙበት ለውጥ ይህን ፈተና ካላለፈ አትፈርሙ።

ሁለት አዛዥ

ከ1866 ጀምሮ የዩኒየን ፓሲፊክ ዋና መሐንዲስ ግሬንቪል ዶጅ ነበር። የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ቶማስ ዱራንት ግን አማካሪ መሐንዲሱን ሳይለስ ሲሞርን እየላከ የዶጅን መስመር ያስቀይር ነበር። በዚህ መሀል የሚቸገረው ፎርማኑ ነው። የማንን ካስማ ይከተል? ጉዳዩ እልባት ያገኘው በሐምሌ 1868 ፎርት ሳንደርስ በሚባል የጦር ሰፈር ሲሆን፣ ያኔ ለፕሬዚዳንትነት የታጨው ጄኔራል ግራንት የዶጅ መስመር እንዲጸና አደረገ። እናንተ ግን ጄኔራል እስኪመጣ አትጠብቁ። የዲዛይን ለውጥ በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ እንደሚያልፍ ገና ሥራ ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር። በቃል የመጣ ትእዛዝ ካለም እዚያው ሳይት መዝገብ ላይ ጻፉት።

መገናኛውን ሳይወስኑ መጀመር

የ1866ቱ ሕግ ሁለቱ ኩባንያዎች እስኪገናኙ ድረስ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ የት እንደሚገናኙ ግን አልተናገረም። የሁለቱ የአፈር ሥራ ቡድኖች ዩታ ላይ ተላልፈው ከ200 ማይል በላይ ጎን ለጎን ቆፈሩ። ኮንግረስ መገናኛውን የወሰነው ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በሚያዝያ 1869 ነው።

በብርድ የጠነከረን መሬት ማመን

በ1868–69 የበረዶ ወራት ዩኒየን ፓሲፊክ ዋሳች ተራሮች ውስጥ በረዶና የረጋ አፈር ላይ ሐዲድ ዘረጋ። ሙቀት ሲመጣ መሬቱ ለቀቀ፤ ሥራውም እንደገና መሠራት ነበረበት። ፕላት ወንዝ ዳር እንጨት ስለቸገረም ቶሎ የሚበሰብስ ዛፍ ለሐዲዱ አግዳሚ አደረጉ። ዚንክ ክሎራይድ ቢያጠጡትም ዕድሜው አጭር ነበር።

መቸኮልና መጠንቀቅ ግን አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ሴራ ኔቫዳ አናት ላይ ያለው ዋሻ 506 ሜትር ያህል ግራናይት ድንጋይ የተበሳበት ነው። ሥራውን ለማፋጠን ከላይ ጉድጓድ ወርደው በአራት ግንባር ቆፈሩ፤ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ ሥር ደግሞ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ። በ1867 ሲገናኙ ስህተቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። የቀያሽ ሥራ በየጊዜው ሲፈተሽ ውጤቱ እንዲህ ነው።

ሠራተኛን በስሙ አለመመዝገብ

ያን ዋሻ የበሱት በአብዛኛው ቻይናውያን ናቸው። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው የቡድን አለቃው ስም ነበር። በበረዶ ናዳና በፍንዳታ ስንቱ እንዳለቀ እስከ ዛሬ የማይታወቀውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በሰኔ 1867 ከነጮቹ እኩል ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ቀለባቸውን አቋረጠ፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ ተገደው ተመለሱ። በዩኒየን ፓሲፊክ በኩል ደግሞ በግንቦት 1869 ዱራንት ወደ ምረቃው ሲሄድ፣ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሠራተኞች ፒድሞንት ላይ ባቡሩን አስቁመው ያዙት።

ተቆጣጣሪው ደመወዝ ከፋይ ባይሆንም መዝገቡን የማየት ሥልጣን አለው። ለተቋራጩ የክፍያ ሰርተፍኬት ከመፈረማችሁ በፊት ያለፈው ወር ደመወዝ መከፈሉን ጠይቁ። የቀን ሠራተኛውም ስም፣ የአባት ስምና የቤተሰብ ተጠሪ በየቀኑ መመዝገቢያ ላይ ይኑር።