ከኤምሬትስ ወደ ቤት ስትደውሉ ድምፅ ሲጠፋ፦ ችግሩና መፍትሔው

ሻርጃ የገባሁ ሰሞን ነው። ልጄ ሳይተኛ ልድረስበት ብዬ በዋትስአፕ ደሴ ደወልኩ። ጠራ። ተነሳ። ከዚያ ጭጭ። «ሃሎ፣ ሃሎ» ብል ምንም የለም። ዘግቼ ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በማግስቱ እናቴን በመደበኛ ስልክ አገኘኋት። የአምስት ዓመቱ ልጄ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲጠብቅ ቆይቶ «ማሚ ተቆጥታኛለች እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ኖሯል።

እኔ የኢትዮጵያ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ ገና ለምትመጡ የመጀመሪያ ምክሬ ይሄ ነው፤ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ለልጆቻችሁና ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። «እዚያ አገር አንዳንዱ ጥሪ ይታገዳል። ድምፄ ከጠፋ መስመሩ ነው፤ እኔ አኩርፌ አይደለም» በሏቸው። ትልቅ ሰው እንኳ ዝምታን በክፉ ይተረጉማል፤ ልጅማ እንዴት አይተረጉም።

ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፅ የለም

ምክንያቱ ክልከላ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ ማቅረብ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ያለው በሁለቱ ቴሌዎች፣ በኢትሳላትና በዱ እጅ ነው። ሌላ አፕ ጥሪ የሚያስተላልፈው በሕጉ መሠረት ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ስለዚህ የዋትስአፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና ቮይስ ያልፋል፤ ጥሪው ግን ይታገዳል። ቫይበርና ፌስታይምም እንደዚሁ ናቸው። አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይረዳም። ስልክ መቀየርም አይረዳም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ቮይስ ላኩ። ቮይሱ ከደረሰ ኢንተርኔታችሁ ደህና ነው፤ የታገደው ጥሪው ነው።

መፍትሔው የተፈቀደ አፕ ነው። እኔ የምጠቀመው ቦቲምን ነው። ኢትሳላት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቦቲምን ሲፈቅድ የጥሪ ጥቅሉ ለሞባይል በወር 50፣ ለቤት ኢንተርኔት 100 ድርሃም ነበር። አሁን የእናንተ ሲም ምን እንደሚያካትት ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ቦቲም የሚሠራው ግን አገር ቤት ያለውም ሰው ሲጭነው ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት እናታችሁ ስልክ ላይ ራሳችሁ ጫኑት፤ ፎቶአችሁን አድርጉበት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እያነሱ ይለማመዱ። አንዴ ከመጣችሁ የሰፈር ልጅ መለመን ነው። ምዝገባ ላይ በመልእክት የሚመጣውን ቁጥር ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጡ አደራ በሏቸው።

ሪያድ ያለች እህታችሁ «ዋትስአፕ ለእኔ ይሠራል» ብትላችሁ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ሳዑዲ ክልከላውን ማላላት የጀመረችው በሴፕቴምበር 2017 ነው። ባሕረ ሰላጤ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቦቲሙም ይቆራረጣል

ይሄ ክልከላ አይደለም። አንዱ ወገን ኔትወርኩ ደክሟል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዋትስአፕ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ላኩና ምልክቱን እዩ። የሰዓት ምልክት ካሳየ የእናንተ ኢንተርኔት አልሠራም። አሠሪዎቻችሁ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ዋይፋዩ ማታ ይጠፋ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ ከእናንተ ወጥቷል፤ እዚያ አልደረሰም። ዳታ አልቋል ወይም ስልኩ ጠፍቷል። ሁለት ምልክት ከመጣ ደርሷል፤ ቪዲዮውን አጥፉና በድምፅ ብቻ ሞክሩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ድምፅዋ ይጠራል። ሁሌ «እስቲ ውጪ ውጪ» እላታለሁ።

«ቪፒኤን አውርጂና ተገላገይ»

ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የታገደውን የሚያሳልፍ አፕ ነው። ይሄን የማይላችሁ ሰው የለም። እኔ አልመክርም። የአገሪቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቪፒኤን ተጠቅሞ ወንጀል የሠራ ወይም ወንጀሉ እንዳይታወቅ ያደረገ ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ ገንዘብ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ኩባንያዎች ለውስጥ ሥራቸው ይጠቀሙበታል፤ የታገደ ጥሪን ለማለፍ መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው። በወር 1,500 ድርሃም የምታገኝ እህት ትንሹን ቅጣት ለመክፈል ደሞዟን ሳትነካ ከ27 ዓመት በላይ መሥራት አለባት። ለአንድ ጥሪ ይሄን ያህል አደጋ ውስጥ አትግቡ።

ነፃ የተባሉት ቪፒኤኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የምታዩትና የምትጽፉት በማታውቁት ሰው ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። በዚያ ላይ ገንዘብ የምትልኩበትን አፕ ትከፍታላችሁ። ከጫናችሁት አጥፉት፤ የባንክ የይለፍ ቃላችሁንም ቀይሩ።

ሁሉም አፕ በአንዴ ዝም አለ

ከደሴም ከአዲስ አበባም ማንም የማይመልስ ከሆነ፣ የእናንተ ኢንተርኔት ደግሞ ደህና ከሆነ፣ መዘጋቱ ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። ይሄን አይተናል። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስልክም ተቋርጦ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ለወራት ቆዩ። በዚያው ዓመት ከኦገስት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ።

መፍትሔው አስቀድሞ መስማማት ነው። የአንድ ጎረቤትና ሌላ ከተማ ያለ የአንድ ዘመድ ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ለመደበኛ ጥሪ የሚሆን ካርድ ለክፉ ቀን አስቀምጡ፤ ውድ ነው፣ ግን «ደህና ነን» ለመባባል አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቀንና ሰዓትም ቁረጡ። እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ 2 ሰዓት ነው።

መስመሩ ደህና፣ ልጁ ግን አላወራም አለ

ይሄ የሚያመው ነው። «በላህ? ተማርክ?» ብቻ ከሆነ ጥያቄያችን፣ ልጅ ይሰለቻል፤ ሮጦ ይሄዳል። እኔ መጠየቁን ትቼ መንገር ጀመርኩ። በየማታው የሁለት ደቂቃ ቮይስ እልክለታለሁ፤ ኮርኒሽ (የባሕር ዳር መንገዱ) ላይ ስላየኋት ድመት፣ ሊፍት ውስጥ ስለተቆለፈብኝ ቀን። እናቴ ከመተኛቱ በፊት ታሰማዋለች። መጀመሪያ አይመልስም ነበር። አንድ ቀን «ድመቷስ?» የሚል የሦስት ሰከንድ ቮይስ መጣ።

ቮይስ ክልከላ አይነካውም። አንዴ ስልኩ ላይ ከወረደ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም ይሰማል። እናቴን ጥቂቶቹን በኮከብ ምልክት እንድትይዝ አስተምሬያታለሁ፤ ኔትወርክ በጠፋ ማታ የድሮዎቹን ትከፍትለታለች።