ማካሮቭ ያላችሁ፣ ከመወልወላችሁ በፊት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዛሬም ጎረቤትና ዘመድ «እስቲ ይቺን እያት» እያለ ይመጣል። በቀደም ፈቃድ ያለው የሰፈራችን ነጋዴ ማካሮቭ ሽጉጡን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። «ባዶ ነው ጋሼ፣ ካዝናውን ቤት ትቼዋለሁ» አለኝ። ወደ አሸዋ ባልዲዬ አዙሬ የላይኛውን ብረት ስስበው አንዲት ጥይት ዘላ ወጣችና ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። የመጣው በሚኒባስ ነው፤ ከሰው ጋር ተጣቦ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ።

ካዝና ስለወጣ ሽጉጥ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የማካሮቭ ካዝና ስምንት ጥይት ይይዛል። አንዴ ከተቀባበለ ግን አንዷ የበርሜሉ ጉሮሮ ውስጥ ቀርታለች። ካዝናው ሌላ ክፍለ ከተማ ቢሆን እንኳ ቃታው ከተሳበ እሷ ትተኮሳለች።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ወስኑ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከላይም ከታችም ሰው አለ። ኮርኒስም የብሎኬት ግድግዳም ጥይት ያቆማል ብላችሁ አትመኑ። እኔ አሸዋ ጢም ያለበት ትልቅ ባልዲ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ጣታችሁ ቃታው ውስጥ አይግባ፤ ከጎን ተዘርግቶ ይቀመጥ። ከእጀታው ግርጌ ያለችውን መያዣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ካዝናውን አውጡ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የማካሮቭ ሴፍቲ (እንዳይተኮስ የሚቆልፈው የጎን ማንሻ) ወደ ላይ ሲነሳ ስናቀባብል የምንስበውን የላይኛውን ብረትም ይቆልፋል። የጎረሰችውን ጥይት ለማውጣት የግድ ሴፍቲውን ወደ ታች ማውረድ አለባችሁ። ባዶ ላደርገው ስትሉ ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ሆነ ማለት ነው። እኔ ከማውቃቸው የባረቁ ሽጉጦች አብዛኞቹ የባረቁት በዚች ቅጽበት ነው።

ሴፍቲውን አውርዳችሁ የላይኛውን ብረት እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከዚያ በግራ በኩል ያለችውን ማቆሚያ በአውራ ጣት አንስታችሁ ክፍቱን አስቀሩት። ካዝና ስለሌለ በራሱ አይቆምም። ጉሮሮውን በዓይናችሁ እዩ። ከጨለመ ትንሿን ጣት ከታችሁ ዳብሱ። ሁለት ጊዜ እዩ።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ዘብ ሲያስረክብ መጀመሪያ የላይኛውን ብረት ስቦ ጥይቷን አወጣ፤ ካዝናውን የነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። የላይኛው ብረት ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። «ይኸው ባዶ ነው» ብሎ ቃታውን ሳበ። ጥይቷ የተረካቢውን ጭን በስታ ወጣች። ልጁ ዳነ፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። ሁሉም «ባረቀበት» አሉ። እኔ ይህን ቃል እዚያ ቦታ ስሰማው ያመኛል። ሽጉጡን መረመርኩት፤ ምንም እንከን አልነበረውም።

እውነተኛ የብረት እንከንም አለ። ባዶነቱን አረጋግጣችሁ፣ ጥይቱን ሁሉ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ፈትሹት። አቀባብሉና ከኋላ ያለችውን መዶሻ ቃታ ሳትነኩ በአውራ ጣት ወደፊት ገፋ አድርጓት። ከወደቀች የሚይዛት ጥርስ አልቋል። እንደገና አቀባብሉና ሴፍቲውን አንሱ። መዶሻዋ ቀጭ ብላ ትወርዳለች፤ ይህ ጤነኛ ነው። ከዚህ በኋላ ቃታው ሲሳብ መዶሻዋ መነሳት የለባትም። ሴፍቲው ልል ከሆነ፣ ወይም በራሱ ጊዜ ከወረደ፣ በሞረድ አትነካኩት። ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ስጡት።

የጥይቱን ቂጥ የምትመታውን መርፌም አትርሷት። ማካሮቭ ውስጥ መርፌዋን ወደ ኋላ የሚመልስ ሞላ የለም፤ ልቅ ናት። የላይኛውን ብረት ፈታችሁ ስታወዛውዙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። ግሪስ ደርቆ ወደፊት እንዳለች ካጣበቃት፣ ስታቀባብሉ ብቻ፣ ቃታ ሳይነካ ልትተኩስ ትችላለች። ልቅነቷ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ጥይት የጎረሰ ማካሮቭ ከከፍታ በአፈሙዙ ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል።

ቶካሬቭ የተባለው ሽጉጥ ያላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የድሮው ቶካሬቭ የጎን ሴፍቲ ጭራሽ የለውም፤ መዶሻዋን ግማሽ መንገድ ላይ የምትይዝ አንዲት ጥርስ ብቻ ናት። አዲስ ስለሆነም አትመኑ። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲግ ፒ320 የተባለው ሽጉጥ በሆነ ማዕዘን በጀርባው ሲወድቅ እንደሚተኩስ ታወቀ። ቃታው በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ፋብሪካው ቀለል ባለ ቃታ ቀየረው። ሽጉጥ ከእጃችሁ ሲያመልጥ ልቅለበው አትበሉ፤ ይውደቅ። ስትቀልቡት ጣታችሁ የሚያርፈው ቃታው ላይ ሊሆን ይችላል።

ስሙም ከመሸጎጥ ነው የመጣው፤ ሰው ግን ስሙን ተከትሎ ወገቡ ላይ እንዲሁ ይሸጉጠዋል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማህደር ግዙ። ቆዳው አርጅቶ ከለሰለሰ ይታጠፍና ቃታው ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ጣሉት።

የነጋዴው ማካሮቭ ሴፍቲ በጣት ሲነካ ይወዛወዝ ነበር። ባዶውን ሽጉጥ ለብቻ፣ ጥይቷን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለብቻ ሰጠሁት። ወደ ጠጋኝ የሄደው ኮንትራት ታክሲ ይዞ ነው።