በአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከተማ እየኖርን በሕዝብ ዲፕሎማሲ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

በየዓመቱ የኅብረቱ የመሪዎች ጉባኤ ሲቃረብ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የባህል ምሽት ይዘጋጅ፣ ዐውደ ርእይ ይከፈት፣ ለመድረክ መሪው ንግግር ይጻፍለት ይባላል። ሥራው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለወጣቶች ነው። ትጉ ናቸው። አገራቸውን ይወዳሉ። እንቅልፍ አጥተው ይሠራሉ። ግን አምና የተሠራው ስህተት ዘንድሮም ይደገማል፤ ምክንያቱም አምና ምን እንደተበላሸ ቁጭ ብሎ የነገራቸው የለም።

የአብዛኛው ስህተት ሥር አንድ ነው። የሕዝብ ዲፕሎማሲ፣ ማለትም ከሌላ አገር ሕዝብ ጋር በቀጥታ መወዳጀት፣ ሲባል ራሳችንን ማሳየት ብቻ ይመስለናል። እንግዳው እንዲያደንቀን እንጂ እንዲያውቀንና እንድናውቀው አንዘጋጅም።

«በቅኝ ያልተገዛች ብቸኛዋ አገር» ብሎ መጀመር

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያበግነኛል። መድረክ መሪው ማይኩን ያነሳና የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ይህቺው ትሆናለች። እስቲ አዳራሹን ቃኙት። የአልጄሪያ፣ የኬንያ፣ የአንጎላ፣ የዚምባብዌ ሰዎች ተቀምጠዋል። አባቶቻቸው ጫካ ገብተው፣ ታስረው፣ ተሰቅለው ነጻነታቸውን ያመጡ ሰዎች ናቸው። ያንን ዐረፍተ ነገር ሲሰሙ ጆሯቸው ላይ የሚቀረው «እኛ አልተንበረከክንም፤ እናንተ ግን» የሚል ነው። ተናጋሪው እንዲህ ማለቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰሚው ግን የሚሰማውን ነው ይዞ የሚሄደው። ላይቤሪያዊ እንግዳ ካለ ደግሞ የእሱም አገር በቅኝ አልተገዛችም ስለሚባል «ብቸኛዋ» የምትለዋ ቃል ሌላ ቅሬታ ትጨምራለች።

አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጡ የደቡባዊ አፍሪካ አገር ዲፕሎማት ይህን ንግግር ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ቆይተው በትህትና አንድ ነገር ጠየቁኝ። የእሳቸው አገር የነጻነት ቀን መቼ እንደሚከበር ከአዘጋጆቹ መካከል የሚያውቅ ይኖር እንደሆነ ነበር ጥያቄያቸው። አዘጋጆቹን ዞር ብዬ ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልነበረም።

ዓድዋን አትናገሩ እያልኩ አይደለም። ዓድዋን ተናገሩ፤ ግን የእነሱም አድርጋችሁ ተናገሩ። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ሞልቷል። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊ ቄስ ከነጮቹ አስተዳደር ተለይተው ፕሪቶሪያ ውስጥ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሟት። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ከዓድዋ ድል አራት ዓመት አስቀድሞ። ከድሉ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት ቤኒቶ ሲልቫን ናቸው፤ ሄይቲያዊ፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥት የሚያውቁ ሰው። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወረን ሲነሳ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ድምፅ ለመሆን ከተሰባሰቡት አንዱ ወጣቱ ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። ለኬንያዊ እንግዳ ይህን ንገሩትና ፊቱን እዩት። የታሪኩ ተመልካች መሆኑ ይቀርና የታሪኩ ባለቤት ይሆናል።

የዛሬው ኅብረት በፊት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ይባል ነበር፤ በእሱ ምሥረታ ላይም እንደዚሁ ነን። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1963 አዲስ አበባ ላይ 32 አገሮች ቻርተሩን ፈረሙ። እኛ ስንተርከው ግን ኢትዮጵያ ብቻዋን የወለደችው ይመስላል። የንጉሠ ነገሥቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የከተማ ይፍሩ ድካም እውነት ነው፤ ሊነገርም ይገባል። ነገር ግን የነጻ አፍሪካ አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ በ1958 የተደረገው አክራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ዲያሎ ቴሊ ጊኒያዊ ናቸው። ለነጻነት የሚታገሉትን ይረዳ የነበረው የድርጅቱ የነጻ አውጪ ኮሚቴ መቀመጫ ዳሬሰላም ነበር። ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ከመሠልጠናቸው በፊት ሞሮኮ ውስጥ ኡጅዳ ላይ ከአልጄሪያ ነጻ አውጪ ተዋጊዎች ጋር ቆይተዋል። የሌላውን ድርሻ ስትጠሩ የእናንተው ድርሻ አይቀንስም። እንዲያውም ይታመናል።

ለናሚቢያዊ እንግዳ ምን ልበል ብሎ ለሚቸገር ደግሞ ይኸው፦ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 የደቡብ አፍሪካን መንግሥት በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ላይ ከሰዋል። ክሱ በ1966 ውድቅ ተደረገ። ሁለት አገሮች ለሦስተኛ ሕዝብ ብለው ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት መቆማቸው ግን ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ወጣቶች ይህን አይሰሙም። ለምን እንደማናስተምራቸው አይገባኝም።

ነገር ሲካረር ብቻ መሄድ

በ2011 ግብፅ ውስጥ አብዮቱ እንደተካሄደ የግብፅ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ልዑክ አዲስ አበባ መጣ። ጥሩ አቀባበል ተደረገለት፤ የእኛ መንግሥትም የናይል ትብብር ማዕቀፉን፣ ማለትም የተፋሰሱን አገሮች የውሃ አጠቃቀም ስምምነት፣ ማጽደቁን ለጊዜው አዘገየ። በ2014 መጨረሻ ደግሞ የእኛ ልዑክ ካይሮ ሄደ። የሃይማኖት አባቶች፣ ምሁራን፣ የጥበብ ሰዎች ከመሪ ጋር ሳይሆን ከሕዝብ ጋር ሊነጋገሩ ተነሱ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው።

ስህተቱ ከዚያ በኋላ ነው። ልዑክ ሄደ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተመለሰ። የሄደው ፕሮፌሰር ካይሮ ከተዋወቀው ፕሮፌሰር ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር? የሄደው ጋዜጠኛ በሚቀጥለው ዓመት የዚያን ጋዜጠኛ ዘገባ ሲያይ ደውሎ አነጋገረው? እንዲህ ያለ ክትትል የማንም የሥራ ድርሻ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። የናይል ውዝግብ ሲነሳ ስልክ የሚደወልለት ሰው እንዲኖር፣ ሰውየውን ሰላም በሆነው ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳን ጋርም እንዲሁ ነው። ልዑክ ስትልኩ የሁለት ዓመት የክትትል ዕቅድና በጀት አብራችሁ አስጸድቁ። ካልሆነ ባይሄድ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ጀምሮ የጠፋ ወዳጅ ጨርሶ ካልመጣው ይልቅ ያስቀይማል።

ልዑኩ ውስጥ የመንግሥትን መግለጫ በቃሉ የሚያነበንብ ሰው ብቻ አትጨምሩ። ለዚያ አምባሳደር አለ።

የባህል ቡድኑን የእራት ማጀቢያ ማድረግ

እንግዶች ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። መድረኩ ላይ የጉራጌው፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው፣ የጎጃሙ ጭፈራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተራ በተራ ያልፋል። ማንም ምን እንዳየ አያውቅም። ተወዛዋዦቹ ላባቸውን ጠርገው ከኋላ በር ይወጣሉ። ሠላምታ የሚሰጣቸው እንኳ የለም። ለእነዚህ ልጆች ሁልጊዜ አዝናለሁ። ከዓመታት ልምምድ በኋላ ከሰሃን ጩኸት ጋር ይታገላሉ።

ሦስት ነገር አድርጉ። እራቱንና ትርኢቱን ለዩ። ከአራት ጭፈራ አንዱን መርጣችሁ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚጨፈር በሁለት ደቂቃ አስረዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግዳ ባለሙያ መድረኩ ላይ አውጡ። የእኛ ሙዚቃ፣ የሱዳንና የሶማሊያ ሙዚቃ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይጋራሉ። የሱዳኑ መሐመድ ወርዲ እዚህ እንደራሳችን ዘፋኝ የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ማሲንቆ ተጫዋችና ኡድ (የዓረቦች የክር መሣሪያ) ተጫዋች አንድ ከሰዓት አብረው ቢለማመዱ ለምሽት የሚበቃ ነገር ያወጣሉ። እኔ ካየኋቸው ዝግጅቶች ሁሉ እንግዶች ወንበር ስበው ወደ መድረኩ የተጠጉት እንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ

«ከቀኑ 9 ሰዓት» የሚል መጥሪያ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል። እንግዳው ጠዋት ይመጣል፤ ዘበኛው ይመልሰዋል። ቀኑም እንደዚያው ነው፤ ዓመቱ ጭምር ተሳስቶ የወጣ መጥሪያ አይቻለሁ። የዓለም አቀፉን አቆጣጠር ጻፉ፤ ከመላኩ በፊት የውጭ አገር ሰው ያንብበው።

ምግቡ ላይ ምልክት አለማድረግ

ሥጋው ሐላል ይሁን አይሁን፣ ጾም የቱ እንደሆነ፣ በርበሬው ምን ያህል እንደሆነ ሳይጻፍበት የሚቀርብ ቡፌ እንግዳውን በባዶ ሆዱ ይሸኛል። ረመዳን መቼ እንደሚገባ ደግሞ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እዩ።

እንግሊዝኛ ይበቃል ማለት

የኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። ስዋሂሊ በ2022 ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች ጋር ተቀላቅሏል። የዳካርና የአቢጃን ሰው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ብሮሹር ሲሰጠው አመስግኖ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይሄዳል። ሁሉንም መተርጎም ካልቻላችሁ ፈረንሳይኛና ዓረብኛን አትዝለሉ። ማሽን የተረጎመውንም የቋንቋው ተናጋሪ ሳያየው አታትሙ።

ጎረቤታችንን መርሳት

የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሠራተኞች ከየአገሩ መጥተው አዲስ አበባ ለዓመታት ይኖራሉ። ልጆቻቸው እዚህ ይማራሉ፤ ከእኛው ሱቅ ይገዛሉ፤ በእኛው ታክሲ ይሄዳሉ። ስለ ኢትዮጵያ አገራቸው ሄደው የሚያወሩት የኖሩትን ነው። ለሁለት ቀን ለሚመጣ ልዑክ ብዙ እንደክማለን፤ ለእነዚህ ግን አንድ ቅዳሜ አናዘጋጅም። ቡርኪናዊ የሒሳብ ሠራተኛ ልጁ የክራር ትምህርት የት እንደሚያገኝ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው ማነው? አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል እዚያ አለ። አንድ የእሑድ ጉብኝት ከነቤተሰባቸው ለማዘጋጀት ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ስደተኞቹንም እዚህ ላይ ልጥቀስ። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ብዙ ሰዎች አብረውን ይኖራሉ። ነገ አገራቸው ሲመለሱ መምህር፣ ነጋዴ፣ ምናልባትም ሚኒስትር ይሆናሉ። ዛሬ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደተስተናገዱ አይረሱም።

ኳሱን ለስፖርት ሰዎች ብቻ መተው

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጪ ሆነች። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪሞቱ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ አፓርታይድን በስፖርቱ መድረክ አጥብቀው ታግለዋል። በአህጉሩ ያሉ የኳስ ሰዎች ስማቸውን ያውቃሉ። እኛ ግን በባህል ዐውደ ርእያችን ፎቷቸውን እንኳ አንሰቅልም። አዲስ አበባ ላይ በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ መብላታችን ከግብፃዊ እንግዳ ጋር በሳቅ ጨዋታ የሚከፈትበት ወሬ ነው።

እኛ ዘንድ የተማሩትን ማጣት

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥታለች። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከናይጄሪያ መጥተው እዚህ ኮሌጅ ገቡ። ዛሬም የጎረቤት አገር ልጆች በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይማራሉ። ከተመረቁ በኋላ የት ናቸው? አንድ ጊዜ ለአንድ ዝግጅት እዚህ የተማሩ ሶማሊያውያንን ልጋብዝ ብዬ ዝርዝር ጠይቄ ነበር። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመራሁ። ዝርዝሩ አልነበረም። በመጨረሻ ያገኘኋቸው አንዱ የቀድሞ ተማሪ ሌላውን እየጠራልኝ ነው። ሲመጡ አማርኛቸው አልጠፋም ነበር፤ የዶርም ጓደኞቻቸውን ስም እየጠሩ የት እንደደረሱ ይጠይቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ በዚህ ዓመት የሚመረቁትን የውጭ ተማሪዎች ስም፣ ስልክና ኢሜይል ካባቸውን ከማውለቃቸው በፊት መዝግቡ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ የሚጽፍላቸው ሰውም መድቡ።