ከመንገድ ዳር የኮስሞሎጂ መጽሐፍ ስትመርጡ

ለገሃር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ የኮስሞሎጂ፣ ማለትም ስለ ጽንፈ ዓለም አመጣጥና ለውጥ የሚያወራ መጽሐፍ ስታነሱ ሽፋኑን ተዉትና ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የታተመበትን ዓመት እዩ። የፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ 1998ን እንደ እኛው 1998 ካነበባችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ትስታላችሁ።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። የጽንፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ የታወቀው በፈረንጆቹ 1998 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ መስፋፋቱን ያፈጥነዋል የሚባለውን ዳርክ ኢነርጂን አያውቅም፤ የጽንፈ ዓለምንም ዕድሜ «ከ10 እስከ 20 ቢሊዮን ዓመት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዛሬ 13.8 ቢሊዮን ነው። የድሮ ሁሉ ግን አይጣልም። የፊዚክስ ሊቁ የስቲቨን ዋይንበርግ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች» የፈረንጆቹ 1977 መጽሐፍ ቢሆንም ሂሊየም እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳው ክፍል ዛሬም ያገለግላል። ስለ ጽንፈ ዓለም መጨረሻ የሚናገረውን ብቻ በጥርጣሬ አንብቡት።

መጽሐፉ ኮፒ ከሆነ ሥዕሎቹ ጋ ክፈቱ። ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ሲሆነው የተለቀቀው ብርሃን ካርታ የሙቀት ልዩነትን የሚያሳየው በቀለም ነው። በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል፤ ካርታው ያኔ ዋጋ የለውም።

ስለ መስፋፋት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ከልብስ ሰፊ 10 ሳንቲ ሜትር የልብስ ላስቲክ ውሰዱና አምስት ትንንሽ የሸሚዝ ቁልፎች በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ስፉበት። በእስክሪብቶ ነጥብ ማድረግ ይቀላል፤ ግን ላስቲኩ ሲሳብ ነጥቡም ይለጠጣል፣ ቁልፎቹ የሚወክሉት ጋላክሲ (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) ግን አይለጠጥም። እጥፍ እስኪሆን ሳቡት። ከመጀመሪያው ቁልፍ ሁለተኛው ከ2 ወደ 4፣ አምስተኛው ከ8 ወደ 16 ይርቃል። በአንድ ጊዜ ውስጥ አንዱ 2፣ ሌላው 8 ሄደ ማለት ነው፤ የራቀው ይፈጥናል የሚባለው ይኸው ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ አጥብቃችሁ ከያዛችሁ እጃችሁ መሃል ይመስላችኋል፤ ስለዚህ ከሦስተኛው ቁልፍ ተነስታችሁ እንደገና ለኩ። ከእሱም ሁሉም ይሸሻል። መሃል የሚባል ቁልፍ የለም ማለት ነው፤ ስለ ጽንፈ ዓለም መነሻ፣ ስለ ታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ)፣ «ፍንዳታው የት ቦታ ነበር?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል።

ሌላው ሥራ የእርሳስ ነው። በመሣሪያ የተለካውን ከሥሩ አስምሩ፤ ለምሳሌ በካርታው ላይ ያያችሁት የጥንት ብርሃን የዛሬ ሙቀት 2.7 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) መሆኑን። ገና ሐሳብ የሆነውን በኅዳጉ በጥያቄ ምልክት ለዩት። ስለ ብዙ ጽንፈ ዓለማት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ኅዳጉ በጥያቄ ምልክት ቢሞላ አትደንግጡ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።