መስቀለኛ ቃላትን በመገናኛቸው መፍታት

ብዙ ሰዎች መስቀለኛ ቃላትን የሚፈታው ብዙ ያነበበ ሰው ብቻ ይመስላቸውና እርሳሱን ሳያነሡ ገጹን ያልፉታል። የጨዋታው ብልሃት ግን አግድም የሚጻፈውና ቁልቁል የሚወርደው ቃል በአንድ ሳጥን ላይ መገናኘታቸው ሲሆን፣ ፈጽሞ የማናውቀውን ቃል እንኳ ከሚያቋርጡት ቃላት ተነሥተን ልናገኘው የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቅርጽ ያወጣው በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ የታተመው የመጀመሪያ ጨዋታው የአልማዝ ቅርጽ ያለውና መሐሉ ክፍት የሆነ ነበር። በ1924 ሳይመንና ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣት አሳታሚዎች ጨዋታዎቹን በመጽሐፍ ሰብስበው፣ እርሳስ ጭምር አያይዘው ሲያወጡ ወረርሽኝ በሚመስል ፍጥነት ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ጨዋታውን ከንቱ የጊዜ ብክነት ብሎ የነቀፈው «ኒው ዮርክ ታይምስ» በ1942 ራሱ ማተም ጀመረ።

ለመፍታት ሲቀመጡ በቅድሚያ ፍንጮቹን ሁሉ አንብበው እርግጠኛ የሆኑባቸውን ብቻ ይሙሉ፤ ባዶ ቦታ የሚያስሞሉ ፍንጮች አብዛኛውን ጊዜ ቀላሎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሩቅ ጥግ ከመዝለል ይልቅ የሞሉትን ቃል የሚያቋርጡትን ይሞክሩ። ሰዋስውም ይረዳል። ፍንጩ በብዙ ቁጥር ከተጻፈ መልሱ በ«ች» ሊያልቅ ይችላል፤ «መሮጥ» ወይም «ማየት» በሚመስል ንዑስ አንቀጽ ከተጻፈ ደግሞ የመልሱ የመጀመሪያ ሳጥን «መ» ወይም «ማ» መሆኑ አይቀርም። በአማርኛ አንድ ሳጥን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ፣ አንዲት መገናኛ የምትሰጠው መረጃ በላቲን ፊደል ከሚገኘው ይበልጣል፤ አግድም «ሎሚ» ከተጻፈ ቁልቁል የሚወርደው ቃል «ሎ»ን እንጂ «ለ»ን ወይም «ላ»ን አይቀበልም። (ለአዘጋጁ ግን ይኸው ነገር ራስ ምታት ነው።) ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተስማምተው በ«ሀ»ና በ«ሐ» ብቻ ከተለያዩ መልሱን ለመሰረዝ አይቸኩሉ፤ አዘጋጁ ሌላውን አጻጻፍ መርጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥግ አልፈታ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ ሳይሆን ተማምነው በጻፉት ቃል ላይ ነው። ስለዚህ በመገናኛ ያልተረጋገጠውን ቃል ደምስሰው እንደገና ይጀምሩ፤ ፍንጩንም በሌላ ንባብ ይሞክሩት። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ዋና» የሚል ፍንጭ አለቃን ሲያሳስበን፣ የተፈለገው በውኃ ውስጥ የሚደረገው ሊሆን ይችላል፤ በእኔ አስተያየት የጨዋታው ትልቁ ደስታ ይህ የትርጉም መገልበጥ ነው።

በአሜሪካ ሰንጠረዦች እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ቃላት የሚረጋገጥ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሰንጠረዦች የሚቋረጡት ፊደላት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ጀማሪ በአሜሪካው ስልት ቢለማመድ ይሻለዋል። የእንግሊዙ ስውር ፍንጭ ልክ እንደ ሰምና ወርቅ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ነው። ቀጥተኛው ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ በፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ በቅድሚያ ሁለቱን ጫፎች መርምሩ፤ የቀረው ክፍል ፊደላትን ስለማዘዋወር ወይም በሌሎች ቃላት ውስጥ ስለተደበቀ ቃል የሚሰጥ መመሪያ ነው።