በአንድ ዱላ የሞተችው ጠንቋይ፦ የጭራቅ ጉዳት ስንመጥን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ጥግ ላይ ተሰብስበናል። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ፣ ዳይስ እየጣለ ጭራቅ የሚገጥምበት የታሪክ ጨዋታ። አራት ተጫዋቾች፣ ሁሉም ሌቭል 1 (ገና ጀማሪ)፣ ጌም ማስተሩ (ታሪኩንና ጭራቆቹን የሚመራው) ደግሞ እኔ። ኦገር (ግዙፍ፣ ሰው መሳይ ጭራቅ) አወጣሁባቸውና ዱላውን ጠንቋይዋ ላይ ሰነዘርኩ። ባለ 20 ጎኑ ዳይስ 20 ላይ ቁጭ! የነበራት ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) 8 ነው፤ ጉዳቱ 24 መጣ። ልጅቷ ማኪያቶዋን ሳትጨርስ ገጸ ባህሪዋ አለቀች።

አማካዩን ብቻ ማየት። የኔ ጥፋት ይሄ ነበር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ላይ (እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው) የኦገር ዱላ ጉዳት ሁለት ባለ 8 ጎን ዳይስ ሲደመር 4 ነው። አማካዩ 13። «13 ደግሞ ምን አላት» አልኩ። ግን ክሪቲካል ሲሆን (ለመምታት የተጣለው ዳይስ 20 ሲወጣ) ዳይሱ እጥፍ ስለሚሆን እስከ 36 ይደርሳል። ደግሞ አንድ የሚረሳ ሕግ አለ፦ ኤችፒ ዜሮ ገብቶ የተረፈው ጉዳት ከሙሉ ኤችፒ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ሞት ነው፣ በቃ፣ ነፍስ ለማትረፍ ዳይስ መጣል እንኳን የለም። 8 ኤችፒ ላላት ልጅ ያለ ክሪቲካልም 16 ይበቃታል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት የጭራቁን ትልቁን ምት ከደካማው ተጫዋች ኤችፒ ጎን አስቀምጡት።

ትንንሾቹን መናቅ። ኦገር በአንድ ዙር አንዴ ነው የሚመታው፤ ከሳተ ሳተ። አራት ጎብሊኖች (ትንንሽ ጭራቆች) ግን አራቴ ይሞክራሉ። እያንዳንዱ በአማካይ 5 ነው፣ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ከተረባረቡና ከቀናቸው 20 ሆነ ማለት ነው። ድር ቢያብር የሚለው ነገር በጎብሊን ነው የገባኝ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በታትኗቸው፣ አንዱ ይሽሽ፣ አንዱ ከሩቅ ቀስት ይወርውር።

የጭራቁን ደረጃ እንደ ዋስትና መቁጠር። ኦገር ደረጃው (መጽሐፉ ለጭራቁ ከባድነት የሰጠው ቁጥር) 2 ነው። ይሄ ማለት ሌቭል 2 የሆኑ፣ ያልደከሙ አራት ሰዎች ይችሉታል ነው። የኔዎቹ ሌቭል 1 ናቸው። አራት መሆናቸውም እንጃ፤ ዝናብ ከጣለ አንዱ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቀራል። ማን እንደመጣ ሳትቆጥሩ ጭራቅ አታውጡ።

አርመርን መርሳት። ኦገር ለመምታት ሲጥል ዳይሱ ላይ 6 ይደምራል፤ ድምሩ የተመቺውን አርመር (የመከላከያ ቁጥር) ከደረሰ መታ ማለት ነው። አርመሩ 16 የሆነን ተዋጊ ለመምታት 10 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፣ 55 በመቶ ዕድል። አርመሯ 12 ለሆነች ጠንቋይ ግን 6 ይበቃዋል፤ 75 በመቶ። ጭራቁ ያው ነው፣ ዱላውም ያው ነው፣ ፈተናው ግን የተለያየ ነው። «ለፓርቲው ይመጥናል ወይ?» (የተጫዋቾቹን ቡድን ማለቴ ነው፣ የፖለቲካውን አላልኩም) ከማለት «ማን ፊት ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቀለለ ብሎ ኤችፒ መጨመር። ጭራቁ አልሞት ሲል ሰው ስልኩን ያወጣል። ከጨመራችሁ ጉዳቱን ትንሽ ጨምሩ። ከበዳቸው ደግሞ ዳይሱን ደብቆ ከመዋሸት ጭራቁን ሌላ ሥራ ስጡት፤ ኦገር ራብተኛ ነው፣ የተጫዋቾቹን በቅሎ ይዞ ይሂድ። እኔ ያን ቀን ይሄ አልመጣልኝም።

ልጅቷ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አዲሷ ገጸ ባህሪዋ ተዋጊ ነች፣ ከአናቷ እስከ እግሯ ብረት የለበሰች። ወንበሯን ስባ «ያ ኦገር አሁንም አለ?» አለችኝ።