ካንሰር ላለበት ሰው የማይንድፉልነስ ልምምድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካንሰር የያዘው ሰው የሚጨነቀው በበሽታው ብቻ አይደለም። የምርመራ ውጤት መጠበቅ አለ። መድኃኒት ሲጠፋ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አለ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የጨረር ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ኪራዩም፣ ትቷቸው የመጣቸው ልጆችም ያሳስቡታል። ማይንድፉልነስ፣ ማለትም አሁን የሚሆነውን ነገር ሳይፈርዱ ልብ የማለት ልምምድ፣ ከእነዚህ አንዱንም አያስቀርም። ሐሳብ ገና ያልመጣውን ነገር እያብሰለሰለ እንቅልፍ ሲነሳ ግን ቀስ ብሎ አሁን ወዳለበት እንዲመለስ ያግዛል። ይህ ለታማሚ ትልቅ እረፍት ነው። ስለዚህም በተሳሳተ መንገድ ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ሲተው በጣም ያሳዝነኛል።

የሥልጠናው መሠረት ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን የጀመሩት ፕሮግራም ነው። በኋላ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ማይክል ስፔካና ሊንዳ ካርልሰን ለካንሰር ሕሙማን እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት 90 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ 7 ሳምንት የሠለጠኑት ሰዎች የጭንቀት ምልክት በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ማኅበር፣ ደጋፊ ልምምዶችን ከመደበኛው የካንሰር ሕክምና ጋር ከሚያጣምረው ከኢንቴግሬቲቭ ኦንኮሎጂ ማኅበር ጋር ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምና ላይ ላሉም ለጨረሱም አዋቂዎች ልምምዱ ለጭንቀትና ለድብርት እንዲሰጥ መክሯል።

ካንሰሩን ያድናል ብሎ መጀመር

ከላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ጭንቀት እንጂ ስለ ዕጢ አይደለም። ልምምዱ ዕጢ እንደሚያሳንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ኬሞንም፣ ጨረርንም፣ ቀዶ ሕክምናንም አይተካም። ቀጠሮ ያስቀረ ሰው የሚደርስበት ጉዳት ግልጽ ነው። ሌላው ጉዳት ግን ብዙም አይታይም፦ በሽታው ሲያገረሽ «ብትረጋጊ ኖሮ አይመለስብሽም ነበር» የሚል ወቀሳ ይከተላል። ታማሚዋ ራሷም ማታ ማታ ይህንኑ ለራሷ ትላለች። በሽታው ያገረሸው ስለተጨነቀች አይደለም። ይህን ዘመድም አሠልጣኝም ደጋግሞ ሊነግራት ይገባል።

ሐሳብ ካልጠፋ አልተሳካልኝም ማለት

ሰዎች ቶሎ የሚተዉት በብዛት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ ወዲያው የሲቲ ስካኑ ውጤት ይመጣባቸዋል፣ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብለው ይነሳሉ። ሐሳብ መምጣቱ ግን አይቀርም፣ መምጣትም አለበት። ሥራው መምጣቱን ልብ ማለት፣ ሳይቆጡ መተውና ወደ ጀመሩበት መመለስ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው በደንብ ተለማምዷል።

ትኩረትን በግድ ትንፋሽና ሕመም ላይ ማሳረፍ

ይህን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ጤነኛ ሰው የሚሠለጥንበትን መንገድ እንዳለ ለታማሚ ማውረድ ጉዳት አለውና። ብዙ ሥልጠናዎች «ትንፋሽዎን ይከታተሉ» ብለው ይጀምራሉ። ሳንባዋ ውስጥ ውኃ የቋጠረባት ሴት ግን ትንፋሿን በተከታተለች ቁጥር ፍርሃቷ ይብሳል። ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል ሰውነትን እየቃኙ የሚሄዱበት ልምምድም አለ። ጡቷ የተቆረጠ ሴት ጠባሳው ጋ ስትደርስ እንባ ሊቀድማት ይችላል። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፓክሊታክሴልና ቪንክሪስቲን፣ እጅና እግር ያደነዝዛሉ፤ የእግሩ መዳፍ የማይሰማው ሰው «እግርዎ መሬት ሲነካ ይሰማዎት» ሲባል የሚሰማው ያጣው ነገር ብቻ ነው። ቆሞ የሚደረግ ልምምድም ሊጥለው ስለሚችል ግድግዳ ወይም ወንበር ይያዝ።

ስለዚህ የማይረብሽ ማረፊያ ይምረጡ። ድምፅ ለብዙ ሰው ቀላል ነው። መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ድምፅ አይጠፋም፦ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» የሚለው ረዳት፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ አዛን። ጸጥታ እስኪገኝ አይጠብቁ፤ የሚመጣውን ድምፅ ሲመጣና ሲሄድ መስማት ይበቃል። የሞቀ የሻይ ብርጭቆ በእጅ ይዞ ሙቀቱን ልብ ማለትም ይሆናል። ዓይንን ገልጦ መለማመድ ይቻላል። የሚያስጨንቅ ነገር ከመጣ መሃል ላይ ማቆም ነውር የለውም።

በአንዴ 45 ደቂቃ መቀመጥ

በመጀመሪያው ፕሮግራም የቤት ልምምዱ በየቀኑ 45 ደቂቃ ያህል ነበር። ኬሞ በተወሰደበት ሳምንት ይህን መጠየቅ ጭካኔ ነው። በሦስት ወይም በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ፤ አቅም ከሌለ ተኝተው ያድርጉት፣ እንቅልፍ ከወሰደዎትም ይተኙ። ካርድ ክፍል ተራ የሚጠበቅበት ሰዓትም ለአጭር ልምምድ ይመቻል።

ሃይማኖቴን ያስክደኛል ብሎ መፍራት፣ ወይም ምንጩን መደበቅ

የልምምዱ ምንጭ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ጥሞና ነው። አሠልጣኝ ይህን ቢደብቅ ታማሚው በኋላ ሲሰማ ይከፋል፣ ልክም ነው። ለሕሙማን በተዘጋጀው ፕሮግራም ውስጥ ግን ስግደትም ጸሎትም የለም። ጸሎቱን፣ ሶላቱን፣ ጠበሉን የሚያስተው ነገርም የለውም። ቅር የሚለው ሰው የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ያማክር፤ ከዚያም አልፈልግም ካለ ማንም ሊጫነው አይገባም።

ሕመምንና ከባድ ድብርትን በልምምዱ ብቻ መያዝ

ሕመም መድኃኒት አለው። ሐኪም ያዘዘውን ሞርፊን «እየተለማመድኩ ልቻለው» ብሎ ማቆየት በከንቱ መሰቃየት ነው። እንዲሁም ምግብ የማይበላ፣ ለሳምንታት ከሰው የራቀ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ልምምድ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ለካንሰር ሐኪሙ በዚያው ቀን ይነገር፤ እሱ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይልካል። የአእምሮ ሕክምና ማግኘት ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም።

«አታልቅሺ፣ ተረጋጊ» እያሉ ማስገደድ

ዘመድ ይህን የሚለው ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ልምምዱ ያለውን ስሜት እንዳለ ማየት ስለሆነ ለቅሶም ሲመጣ ቦታ ይሰጠዋል። «አይዞሽ፣ አለሁ» ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይሻላል። ካንሰር እንዳለባት ያልተነገራት እናት ደግሞ ወደ ቡድን ሥልጠና ስትወሰድ ከሌላ ታማሚ አፍ ትሰማዋለች፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ በተገኘበት ቤተሰቡ በእርጋታ ይንገራት።

አሠልጣኝ ሲመርጡም የት እንደሠለጠነ፣ ከካንሰር ሕሙማን ጋር ሠርቶ እንደሚያውቅ፣ ታማሚ ቢታወክበት ማንን እንደሚጠራ ይጠይቁ። ፈውስ ቃል ከገባልዎ ይተውት።

አስታማሚንም አይርሱ። ሌሊት ነቅታ ያደረች፣ ጠዋት ወረፋ የያዘች፣ ከሰዓት ሥራ የምትገባ ልጅ ጭንቀቷ ከእናቷ ላያንስ ይችላል። ሁለቱ አብረው ቢለማመዱ አንዷ ስትሰንፍ ሌላዋ ታስታውሳታለች። ሥልጠናው አስታማሚ ይቀበል እንደሆነ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።